የድሮ ልብስ ማስተካከልና የቤት ጨርቅ መስፋት፦ መቀስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው ሥራ

የድሮ ልብስ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ማሽኑ ላይ ሳንቀመጥ ነው። የተጣመመ ስፌት ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ሳይፈተሽ የተቆረጠ ወይም ሳይታጠብ የተሰፋ ጨርቅ ግን መመለሻ የለውም። ለዚህ ነው ከታች ያለው ግማሹ ስለ መመልከት፣ ስለ መለካትና ስለ መተኮስ የሆነው።

ልብሱን መስኮት ፊት ዘርግታችሁ በብርሃን አሳልፋችሁ ተመልከቱት። ብብቱ፣ ክርኑ፣ መቀመጫው፣ የኮሌታው እጥፋትና የኪሱ አፍ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብርሃን ካሳለፉ ጨርቁ እዚያ ሳስቷል። ቀጥሎ ልብሱን ገልብጡና የስፌቱን ትርፍ (ከስፌቱ መስመር ውጭ የቀረውን የጨርቅ ጠርዝ) በሁለት እጅ፣ በ5 ሴ.ሜ ርቀት ይዛችሁ መጀመሪያ በድሩ፣ ከዚያም በማጉ አቅጣጫ ሳብ አድርጉት። ጤነኛ ጨርቅ ተወጥሮ ይመለሳል። የደከመው ግን ቀስ ያለ የመቀደድ ድምፅ ያሰማል። እንዲህ ያለውን ልብስ ለሰውነት ለማስተካከል መልፋት ዋጋ የለውም፤ አዲሱ ስፌት ቢጠነክር እንኳ ጨርቁ ከስፌቱ አጠገብ ይሄዳል። ጀርባው ወይም የታችኛው ክፍሉ ጤነኛ ከሆነ ግን ለትራስ ልብስ ይሆናል።

ክሩንም አትርሱ። ብዙ ጊዜ ከጨርቁ ቀድሞ የሚያረጀው እሱ ነው። የቆየ የጥጥ ክር ሳብ ሲያደርጉት ብጥስ የሚል ከሆነ ዋና ዋና ስፌቶቹን ሁሉ በፖሊስተር ክር መድገም ያስፈልጋል። ሥራው የሚያስፈራውን ያህል ከባድ አይደለም፤ የድሮው ስፌት መስመር ራሱ መሪ ስለሆነ በላዩ ላይ መሄድ ብቻ ነው።

አንድ ጨርቅ ግን ለዚህ ሥራ ከነጭራሹ መግባት የለበትም፦ ክብደት የተጨመረበት የድሮ ሐር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ሐር ክብደት እንዲያወጣና ከበድ ብሎ እንዲወርድ በብረታ ብረት ጨዎች ይነከር ነበር። ጨዉ ከዓመታት በኋላ ቃጫውን ይበላውና ሐሩ በእጥፋቶቹ ላይ በረጃጅም መስመር ይተረተራል። መጣፍም አያድነውም፤ መርፌው ያለፈበት ቦታ ሁሉ አዲስ የመቀደጃ መስመር ይሆናል።

የጨርቁን ዓይነት ማወቅ ለማጠቢያውም ለካውያውም ወሳኝ ነው። በአሜሪካ የአጠባበቅ መመሪያ ልብስ ላይ እንዲሰፋ ግዴታ የሆነው ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሰፋ ልብስ ብዙ ጊዜ ምንም አይነግራችሁም። መልሱ ያለው እሳት ላይ ነው። ከስፌቱ ትርፍ ጥቂት ክሮች መዝዛችሁ በብረት ወረንጦ ይዛችሁ ከሲንክ በላይ ለኩሷቸው። ጥጥ፣ ሊነንና ሬዮን (ከእንጨት ቃጫ የሚሠራ ጨርቅ) እንደ ወረቀት ይነዳሉ፣ ሽታቸውም የወረቀት ነው፣ የሚተዉት ለስላሳ ግራጫ አመድ ነው። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋሉ፣ የቀረው ጥቁር ነገር በጣት ይደቃል። ፖሊስተርና ናይሎን ይቀልጡና ጠንካራ እንክብል ይሆናሉ፤ ሳይቀዘቅዝ እንዳትነኩት። ከእነዚህ ምልክቶች ሁለቱ አብረው ከታዩ ጨርቁ ድብልቅ ነው። የድሮ ገበር ደግሞ ብዙ ጊዜ አሴቴት (ሐር የሚመስል ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ነው፤ አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠብ ካለበት ይሟሟል። ስለዚህ ገበር ላይ ያለን እድፍ በእሱ ለማስለቀቅ አትሞክሩ።

ሱፍ ልብስ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካያችሁ ብል ነው። ከሌላ ልብስ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት አየር እንዳይገባው አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ስታወጡት ከረጢቱን ሳትከፍቱ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቁ፤ አለበለዚያ እርጥበቱ ጨርቁ ላይ ይሰፍራል።

የሚታጠብ ጨርቅ ሁሉ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠብ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊገባ ይችላል፤ በ1 ሜትር መጋረጃ ላይ ይህ 5 ሴ.ሜ ድረስ ነው። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በማይታይ ቦታ ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጭናችሁ እዩ። ቢጫ የሆነ ነጭ ጥጥና ሊነን በኦክስጅን ማንጫ (ክሎሪን በሌለበት) ለብ ካለ ውሃ ጋር ለሰዓታት ሲዘፈዘፍ ይነጣል። ሐርና ሱፍ ግን ከዚህ ማንጫ ይራቁ፤ ከበረኪናማ ጭራሽ፣ ክሎሪን ቃጫቸውን ይበላዋል። ገበር ያለው የሱፍ ኮት በቤት ውስጥ ውሃ ውስጥ አይገባም። ሱፉና ገበሩ እኩል ስለማይገቡ የኮቱ ጫፍ ይኮማተራል፣ ያንን ደግሞ ካውያ አይመልሰውም።

መርፌና ክር

ለስስ ሐርና ለገበር ቁጥር 70 መርፌና 2 ሚ.ሜ የስፌት እርምጃ (የአንዱ ስፌት ርዝመት)፣ ለሸሚዝና ለአንሶላ ጨርቅ ቁጥር 80 እና 2.5 ሚ.ሜ፣ ለመጋረጃና ለወፍራም ሱፍ ቁጥር 90 እና 3 ሚ.ሜ፣ ለጂንስ ቁጥር 100። ለሚለጠጥ ጨርቅ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ይፈለጋል፤ ሹሉ መርፌ ክሩን ስለሚበሳው ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል። መርፌ ከስምንት ሰዓት ያህል ስፌት በኋላ ይቀየራል። እኔ ግን ሐር ከመጀመሬ በፊት ሁሌም አዲስ እሰካለሁ፤ በደነዘ መርፌ የተመዘዘ የሐር ክር ወደ ቦታው አይመለስም።

ከታች በኩል ክሩ ከተድበለበለ ሁሉም የሚነካካው ቦቢኑን (የታችኛው ክር የተጠቀለለበትን) ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው፤ ክሩ ጨብጠው በሚወጥሩት ዲስኮች መካከል በትክክል አልገባም። የማሽኑን እግር ወደ ላይ አንስታችሁ (እግሩ ሲወርድ ዲስኮቹ ስለሚዘጉ) ከላይ ያለውን ክር ከመጀመሪያው እንደገና አስገቡት። የማስተካከያውን ቁልፍ መነካካት ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም በልብሱ ላይ ሳይሆን ከዚያው ጨርቅ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ።

ከካሬ መጀመር

ጀማሪ ከኮት ይልቅ ከትራስ ልብስ ይጀምር የምለው ለማቃለል አይደለም። ቀጥ ያለ መስመር፣ ማዕዘንና እጥፋት እዚያ በደንብ ይለመዳሉ፣ ጨርቅም አይባክንም።

45 በ45 ሴ.ሜ ለሆነ የትራስ ሙሊት የፊቱን ጨርቅ ልክ 45 በ45 ቁረጡ። በ1 ሴ.ሜ ስፌት 43 በ43 ይወጣል፤ ጥቂት ጠበብ ያለ ልብስ ሙሊቱን ሞልቶ ያሳየዋል። ሰፋ ከተደረገ ትራሱ ልል ሆኖ ማዕዘኖቹ ባዶ ይቀራሉ። ጀርባው ዚፕ ሳያስፈልገው በሁለት ተደራራቢ ጨርቅ ይዘጋል፦ እያንዳንዱ 45 በ31 ሴ.ሜ። የእያንዳንዱን አንድ ረጅም ጎን መጀመሪያ 1 ሴ.ሜ፣ ከዚያ 2 ሴ.ሜ አጥፋችሁ ተኩሱና ስፉት፤ ቁመቱ 28 ይሆናል። ሁለቱን ፊቱ ላይ፣ ፊትና ፊታቸው ተጋጥሞ ስትዘረጓቸው በ11 ሴ.ሜ ይደራረባሉ። መደራረቡ ከ8 በታች ከሆነ ትራሱ ሲቀመጡበት አፉ ይከፈታል። ከዚያ ዙሪያውን በ1 ሴ.ሜ ስፉና ድርብርቡ ጎን ላይ የሚያበቃባቸውን ቦታዎች ወደፊትና ወደኋላ ደግማችሁ አጠንክሩ፤ ልብሱን ስታወልቁ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚያ ነው።

አራቱን ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ አድርጎ መስፋት ትራሱን ሲሞሉት የጥንቸል ጆሮ ያወጣለታል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ማዕዘን 10 ሴ.ሜ ወዲህ ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ ጀምሮ የስፌቱን መስመር ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እያስጠጉ ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ 1 ሴ.ሜ ገብቶ መዞር ነው። ከመገልበጡ በፊት የማዕዘኑ ትርፍ ይቆረጣል፣ ግን ከስፌቱ 3 ሚ.ሜ ይተውለት።

ኮሌታው ያለቀ የወንድ ሸሚዝ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ መዝጊያው ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። ቁልፎቹን ቆልፋችሁ ተኩሱና የቁልፉ መስመር መሃል ላይ እንዲውል አድርጋችሁ ካሬውን አመልክቱ። እዚህ 47 በ47 ይሻላል። የሸሚዝ ቁልፎች እርስ በርስ ከ8 እስከ 9 ሴ.ሜ ስለሚራራቁ ልብሱ ከጠበበ በመካከላቸው ይፈጠጣል፣ ሙሊቱም ይታያል። መቁረጫው መስመር የቁልፉን መስመር የሚያቋርጥባቸውን ሁለት ቦታዎች፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴ.ሜ ገባ ብላችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት ስፏቸው፤ አለበለዚያ ሁለቱ ድርቦች እየተንሸራተቱ ካሬው ይዛባል። ከስፌቱ መስመር 2 ሴ.ሜ ውስጥ ያለ ቁልፍ ይነቀል፤ የማሽኑ እግር ይወጣበትና መርፌው ይሰበራል። ኪሱ ወይ ሙሉ በሙሉ ይግባ ወይ ሙሉ በሙሉ ይቅር። የሸሚዝ ጎን ለሰውነት ተብሎ የተቀረጸ ስለሆነ ለቀጥታ መለኪያ አይሆንም፤ ድሩ የሚሄደው በቁልፎቹ መስመር ነውና ማስመሪያችሁን ከእሱ ጋር አስተካክሉ።

ለናፕኪንና ለጠረጴዛ ልብስ ዋናው ችግር ማዕዘኑ ነው፤ ተደራርቦ ይወፍርና መርፌው አያልፍም። የተጠናቀቀ 45 ሴ.ሜ ናፕኪን ከፈለጋችሁ 51 ቁረጡ። ዙሪያውን 1 ሴ.ሜ ወደ ጀርባ አጥፋችሁ ተኩሱ፣ ከዚያ 2 ሴ.ሜ አጥፋችሁ ተኩሱ። አሁን ሁለተኛውን እጥፋት ብቻ ዘርጉት። ማዕዘኑን ፊትና ፊቱ እንዲጋጠም በሰያፍ አጥፉና ከጫፉ 4 ሴ.ሜ ርቃችሁ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ምልክት ተነስታችሁ ሰያፉን እጥፋት በቀጥተኛ ማዕዘን እስክትነኩ ድረስ ስፉ፤ መስመሩ በካውያ የተሠሩት ሁለት የእጥፋት መስመሮች በሚገናኙበት ላይ ያርፋል። ትርፉን ግማሽ ሴ.ሜ አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ገልብጡት። ማዕዘኑ ስስና ሹል ሆኖ ይወጣል። አራቱም ሲያልቁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ መስፋት ነው።

መጋረጃ ሥራው ቀላል ነው፣ ሒሳቡ እንጂ። የዘንጉን ስፋት በ2 አባዙ፣ ጨርቁ ስስ ከሆነ በ2.5። ለታችኛው ቅምቅማት 10 ሴ.ሜ ድርብ፣ ማለትም 20 ሴ.ሜ ጨምሩ፣ ግን አትስፉት። የላይኛውን ጨርሳችሁ ሰቅላችሁ ሁለት ቀን ይውረድ፤ ጨርቁ በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ ያውም ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም።

የድስት መያዣ ስትሠሩ ከላይ እስከ ውስጥ ጥጥ ወይም ሱፍ ብቻ ይሁን። ፖሊስተር ሙሊት ከትኩስ ብረት ጋር ሲገናኝ ይቀልጣል። ብል የነካው መቶ በመቶ የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ ማሽን ውስጥ ከታጠበ ይወፍርና ይጠብቃል፣ ሲቆረጥም አይተረተርም፤ ድርብ ሆኖ ጥሩ መያዣ ይወጣዋል። ማሽን ላይ እንዲታጠብ ተብሎ የታከመ ሱፍ ግን እንዲህ አይሆንም።

ልብሱን ለሰውነት ማምጣት

የድሮ ልብስ ላይ ያለውን የመጠን ቁጥር እርሱት። የቁጥሮቹ ትርጉም በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ የድሮ ልብስ ዛሬ በሚታወቀው ቁጥር ከተፈረጀ ብዙ ጊዜ ይጠባል። ዚፑን ዘግታችሁ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ከብብት እስከ ብብት፣ ወገቡንና ዳሌውን ለኩና በሁለት አባዙ። ለማይለጠጥ ጨርቅ ልብሱ ከሰውነታችሁ ደረት በ5 ሴ.ሜ፣ ወገብ በ2 ወይም 3፣ ዳሌ በ4 ወይም 5 መብለጥ አለበት። ከጀርባ፣ በሁለቱ ክንዶች መጋጠሚያ መካከል ያለውን ስፋት ደግሞ ሁሉም ይዘለዋል። እዚያ የጠበበ ልብስ ክንድ ወደ ፊት ሲዘረጋ ይቀደዳል፤ ማስፊያም የለውም።

ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ትከሻ፣ ከዚያ ጎን፣ መጨረሻ ርዝመት። ትከሻው ሲነሳ ወገቡ አብሮ ይነሳል፣ ወገቡ ሲጠብ ጫፉ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ርዝመቱን ቀድሞ የቆረጠ ሰው የሚያጥረውን አያውቅም።

የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮቶች ወፍራም የትከሻ ሙሊት አላቸው፤ ሁሉም ያንን ነቅሎ መጣል ይፈልጋል። ኮቱ ግን የተቆረጠው ለዚያ ከፍታ ስለሆነ ሙሊቱ ሲወጣ ጨርቁ ከአንገት ወደ ክንድ ይሰባበራል፣ የእጅጌው አናት ይወድቃል። ግማሽ ሴ.ሜ ውፍረት ባለው ሙሊት መተካት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አሁንም ሰፊ ከሆነ እጅጌውን ከላይኛው ግማሽ ብቻ ፈትታችሁ አናቱ ላይ እስከ 1.5 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ ማስገባትና ወደ ብብት ሲወርድ ከድሮው ስፌት ጋር ማገናኘት ይቻላል። የብብቱን ስፌት አትንኩት። ከ2 ሴ.ሜ በላይ ካስፈለገ እጅጌው እንደገና ይቀረጻል፤ ያንን ለሠለጠነ ልብስ ሰፊ መተው ይሻላል።

ጎን ማጥበብ ላይ ሒሳቡ ብዙዎችን ይጥላል። ወገቡ በ4 ሴ.ሜ ሰፋ እንበል። ጎኖች ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዱ ጎን ሁለት ድርብ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ስፌት ከድሮው የሚገባው 1 ሴ.ሜ ብቻ ነው። በየጎኑ 4 ሴ.ሜ የሚያስገባ ሰው ከልብሱ 16 ሴ.ሜ ወስዷል። ስፒል የምትሰኩትም ልብሱ በፊቱ ተለብሶ ሳለ ይሁን፤ ተገልብጦ ሲለበስ ቀኝና ግራ ይቀያየራሉ፣ ሰውነት ደግሞ በሁለቱም ጎን እኩል አይደለም።

አዲሱን መስመር መጀመሪያ በእጅ፣ ወይም በማሽኑ 5 ሚ.ሜ እርምጃ ላላ አድርጋችሁ ስፉ። ልበሱት፣ ተቀመጡ፣ ክንዳችሁን አንሱ። ከተስማማ በ2.5 ይሰፋል። መስመሩ ከድሮው ስፌት ጋር የሚገናኘው ከ10 እስከ 12 ሴ.ሜ ባለው ርዝመት ቀስ እያለ ነው፤ ቶሎ ከተገናኘ ዳሌው ላይ አንድ ጉብታ ይቀራል። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» ይባላል፤ እዚህ ግን ጨርሶ ባይቆረጥ እመርጣለሁ። ትርፉ ከ3 ሴ.ሜ ካልበለጠ ከውስጥ ይቀመጥ፣ ነገ ማስፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ወገቡ ላይ ከጨመደደ ትርፉን በየ2 ሴ.ሜ ስንጥቅ አድርጉት፣ ስፌቱ ሊደርስ 3 ሚ.ሜ ሲቀር አቁሙ። ከጎን በድምሩ ከ5 ሴ.ሜ በላይ ከተወሰደ ኪሱና የደረቱ ዳርት (ጨርቁን ለሰውነት ቅርጽ የሚቆነጥጠው ስፌት) ከቦታቸው ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ የቀረውን ወደ ዳርቶቹና ወደ ጀርባው መሃል ስፌት አከፋፍሉት። ሱሪ ደግሞ የሚጠበው ከኋላ መሃል ነው፤ ከ4 ሴ.ሜ ካለፈ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ተጠጋግተው ይታያሉ።

ማስፋት የሚቻለው ውስጥ ያለው ትርፍ ያህል ነው። አዲሱ ስፌት ቢያንስ 1 ሴ.ሜ ትርፍ ሊቀርለት ይገባል። ከመፍታታችሁ በፊት የትርፉን ቀለም ከውጩ ጋር አስተያዩ፤ ፀሐይ ያልነካው ክፍል ጠቆር ብሎ መስመር ይሠራል። ጥጥና ሱፍ ላይ የድሮው መርፌ ቀዳዳ በእንፋሎት ይዘጋል፤ በታፍታና በቆዳ ላይ አይዘጋም። የቀረውን የእጥፋት ጠባሳ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮምጣጤ ነክሮ በተጨመቀ ጨርቅ ላይ መተኮስ ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙ መቻሉ በማይታይ ቦታ ከተሞከረ በኋላ።

ገበር ያለው ልብስ ሲጠብ ከገበሩ የሚወሰደው ከውጩ ጨርቅ ከሚወሰደው ትንሽ ያነሰ ይሁን። ገበር ከውጩ ጨርቅ ከጠበበ ሸክሙን የሚይዘው እሱ ይሆናል፣ መጀመሪያ የሚቀደደውም እሱ ነው።

የብረት ዚፕ ከከበደ ጥርሶቹን በእርሳስ እሹት፣ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። መተካት ካለበት የጎኑን ስፌት ጠርዝ በ2 ሴ.ሜ ስስ የጥጥ ጥብጣብ ቀድማችሁ አጠንክሩ። ጎን የተቀረጸ መስመር ስለሆነ ሲሰፋ ይለጠጥና ዚፑ ይሞገዳል። በእጅ፣ ከላይ ነጥብ ብቻ በሚታይ ስፌት በየ6 ሚ.ሜ መስፋት ከማሽን ይልቅ ለድሮ ቀሚስ ያምርበታል፤ ስፌቱንም መቆጣጠር ይቀላል።

እያንዳንዱን ስፌት ሌላው ሳይሻገረው ተኩሱት፤ መጀመሪያ እንደተሰፋ፣ ከዚያ ትርፉን ከፍታችሁ። ካውያው ተነስቶ ይቀመጥ እንጂ አይንሸራተት። ሱፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣልቃ ይግባ፤ ከፋይ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ከሌላ የከፋይ ቁራጭ ጋር ተጋጥሞ ከጀርባ በእንፋሎት ብቻ፣ ካውያው ከተጫነው ፀጉሩ ይተኛል።

ርዝመቱ ሲደርስ ከወገብ ወደ ታች አትለኩ። የሚለበሰው ጫማ ተደርጎ፣ ሌላ ሰው ከወለሉ ወደ ላይ በማስመሪያ ዙሪያውን ያመልክት፤ ለባሹ ካጎነበሰ ልኩ ይበላሻል። በሰያፍ የተቆረጠ ወይም ሰፊ ጉርድ መጀመሪያ 24 ሰዓት ይሰቀል። ለቀጥ ያለ ጉርድ ከ4 እስከ 5 ሴ.ሜ ቅምቅማት ይተዋል፣ ለሰፊው ግን 1.5 ወይም 2፤ ከዚያ ከሰፋ የላይኛው ጠርዝ ከሚያርፍበት ጨርቅ ይረዝምና ይጨማደዳል። በእጅ ሲሰፋ ከውጭው ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ ይነሳ፣ ክሩም አይጠበቅ፤ ከተሳበ እያንዳንዱ ነጥብ ከውጭ ይነበባል።

ከርዝመቱ የተረፈውን ቁራጭ አትጣሉት። መዳፍ የምታህል ቁራጭ ከኪሱ ውስጥ ወይም ከገበሩ ጀርባ በጥቂት ስፌት አያይዙ፤ ከልብሱ ጋር እየታጠበች አብራ ስለምትደበዝዝ አንድ ቀን መጣፍ ሲያስፈልግ ቀለሟ ከልብሱ አይለይም።